ባለቤቶቹ የዘነጉት ሱቅ

ከዓባይ በረሃ አፋፍ ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው መንገድ የሚያገናኛቸው ከተሞች ለገበያ እንግዳ አይደሉም፤ አካባቢው በጤፉ የታወቀ ሲሆን፣ በገበያ ቀን ከገበሬው እጅ የወጣው እህል በነጋዴው አማካይነት በጭነት መኪና እስከ አዲስ አበባ ይዘልቃል። ገበያውን የሚያወድስ ሞልቶ ሳለ፣ በእነዚሁ ከተሞች ስኳርና ዘይት የሚከፋፈልበት የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሱቅ ግን ሰልፉ ሲያማርር ካልሆነ በቀር ስሙ አይነሣም። የሸማቾች ማኅበር ማለት ነዋሪዎች ዕጣ፣ ማለትም የካፒታል ድርሻ፣ ገዝተው የሚያቋቁሙት፣ ሸቀጥ በጅምላ አስመጥቶ በችርቻሮ የሚሸጥ ድርጅት ነው።

የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ነዋሪዎችን በቀበሌ ካደራጀ በኋላ፣ ስኳር፣ ጨውና ሳሙና በካርድ የሚታደልበት የቀበሌ ሱቅ በየከተማው ተከፈተ፤ በገጠሩ ደግሞ የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ጨርቃ ጨርቅና ላምባ እየሸጡ፣ በሌላ በኩል ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የኮታ እህል ይሰበስቡ ነበር። የኮታው ዋጋ ከገበያው በታች በመሆኑ፣ ትርፍ አምራች በሆነው በጎጃም ገበሬ ዘንድ ማኅበሩና ኮታው በአንድ ስም የሚጠሉ ሆኑ። ኮታው በ1982 ዓ.ም. ቀርቶ የደርግ መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ፣ በአገሪቱ ብዙ የማኅበራት መጋዘኖች ተዘርፈው መፍረሳቸው ያን ቂም የሚያሳይ ነው።

ዛሬም ድረስ ያልጠራው ስሕተት የተወለደው ከዚያ ታሪክ ነው፤ ይኸውም ሱቁ የመንግሥት ነው የሚለው እምነት ነው። እምነቱ መነሻ የለውም ማለት አይቻልም፤ ብዙ ጊዜ ቤቱ ያው የቀድሞው የቀበሌ ሱቅ ነው፣ ስኳሩና ዘይቱ ለረጅም ጊዜ የመጣው በኮታ ነው፣ ዋጋውንም ሲወስን የኖረው የንግድ መሥሪያ ቤት ነው፤ ስለዚህ ገዢው የሸቀጡን ምንጭ አይቶ የሱቁን ባለቤት ይደመድማል። ሕጉ ግን ሌላ ይላል። በአዋጅ ቁጥር 147/1991፣ በኋላም እርሱን በተካው በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት ማኅበሩ የአባላቱ ንብረት ሲሆን፣ የበላይ ሥልጣን ያለው የአባላት ጠቅላላ ጉባኤ ነው፤ ሥራ አመራር ኮሚቴውንም ቁጥጥር ኮሚቴውንም የሚመርጠው ይኸው ጉባኤ ነው፤ ዐሥር ዕጣ ያለውም አንድ ዕጣ ያለውም በጉባኤው ድምፁ አንድ ነው። ይህ መርሕ ምንጩ ደርግ ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1844 ዓ.ም. በእንግሊዝ ሮችዴል ከተማ 28 ሠራተኞች ዱቄት፣ ቅቤና ስኳር ለመሸጥ የከፈቱት ሱቅ ነው፤ በዚያ የተለመደው አሠራር ትርፉ ለአባላቱ እንደ ግዢያቸው መጠን እንዲመለስ ያደርጋል፣ ስለዚህ ብዙ የገዛ ብዙ ያገኛል። ከአሜሪካ የሸቀጥ መደብሮች ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል፦ በቴክሳስ የታወቀው ኤች ኢ ቢ በአብዛኛው የአንድ ቤተሰብ ንብረት ነው፣ በፍሎሪዳ እ.ኤ.አ. በ1930 ዓ.ም. የተመሠረተው የፐብሊክስ አክሲዮን በአብዛኛው በሠራተኞቹ እጅ ነው፤ የሸማቾች ሱቅ ባለቤት ግን ራሱ ገዢው ነው።

ይህን ያልተረዳ አባል የሚያደርገው የታወቀ ነው። «ዘይት ገባ» የሚለው ወሬ ሲሰማ ጄሪካኑን ይዞ ከንጋት ጀምሮ ይሰለፋል፣ ሻጩ ደብተሩን ገልጦ ስሙን እስኪያገኝ ይቆጣል፣ ፈርሞ ድርሻውን ከወሰደ በኋላም እስከሚቀጥለው ኮታ ድረስ ሱቁን አያስታውሰውም። ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ አይመጣም፤ የኦዲት ሪፖርት ሲነበብ በአዳራሹ የሚገኙት ኮሚቴዎቹና ጥቂት ሽማግሌዎች ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ «ኮሚቴው በላው» ማለት ይቀላል። ካርዱን ለጎረቤት የሚያውሰው፣ የማኅበሩን ዘይት ወስዶ ለግል ሱቅ የሚያሻግረውም በዚህ ቅሬታ ውስጥ የራሱ ድርሻ አለው፣ ምክንያቱም ለሰልፈኛው የጎደለው ዘይት የትም አልጠፋም፤ በማግሥቱ ከማኅበሩ ሱቅ ጥቂት ርምጃ ርቆ በእጥፍ ዋጋ ይሸጣል።

አንድ ሌላ ነገር መታየት ይገባዋል። በአዲስ አበባ የሸማቾች ሱቅ ሰው ጤፍም ይጠይቃል፤ የዚያ ከተማ ማኅበራት እህሉን ያለ ነጋዴ አማካይነት ከገበሬዎች ዩኒየኖች ለመግዛት ይጥራሉ፤ ዩኒየን ማለት በርካታ መሠረታዊ ማኅበራት ተባብረው የሚያቋቁሙት ከፍተኛ ማኅበር ሲሆን፣ በደብረ ማርቆስ የሚገኘው ጎዛምን ዩኒየን በምሥራቅ ጎጃም ለዚህ ምሳሌ ነው። በቢቸናና በሞጣ ግን ጤፉን ከገበያ ወይም ከዘመድ ማሳ ማግኘት የሚችለው ነዋሪ የሸማቾች ሱቅን የሚፈልገው እንደ ፊንጫና ወንጂ ካሉ ፋብሪካዎች ለሚመጣው ስኳር፣ በአብዛኛው ከባሕር ማዶ ለሚገባውም የምግብ ዘይት ነው።