ከባሌ እስከ ዴጉ፦ የኢብራሂም ጄይላን ሩጫና የምሥራቁ ወጣት ዕጣ

ኢብራሂም ጄይላን በ10 ሺህ ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነ፣ በባሌ የተወለደ ኢትዮጵያዊ ሯጭ ነው። በዓለም አትሌቲክስ መዝገብ የልደቱ ቀን ሰኔ 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ተብሎ ሰፍሯል። በ17 ዓመቱ ርቀቱን በ27፡02.81 ጨረሰ፤ ከዚያ በፊት ከ18 ዓመት በታች ሆኖ በዚህ ፍጥነት የሮጠ አልነበረም። በ22 ዓመቱ ደቡብ ኮሪያ ዴጉ ላይ ወርቅ፣ በ24 ዓመቱ ሞስኮ ላይ ብር አጠለቀ። በመጀመሪያው ዝናና በወርቁ መካከል አምስት ዓመት አለ። የብዙ ወጣት ሯጭ ዕጣ የሚወሰነው እንዲህ ባሉ፣ ጋዜጣ ብዙም በማይጽፍባቸው ዓመታት ነው።

ባሌ እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበረ። ከሐረር ተነስተው ባሌ ውስጥ ወደሚገኘው የድሬ ሼህ ሁሴን ቅዱስ ስፍራ የሚሄዱ ዘያሪዎችም አገሩን ከጥንት ያውቁታል። ኢብራሂም ዴጉ ላይ ያሸነፈው እንግሊዛዊው ሞ ፋራህ ደግሞ የተወለደው ከሐረር በጅግጅጋና በቶጎ ውጫሌ በኩል ወደ ሐርጌሳ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በገቢሌ ነው። ከሁለቱ አንዱ ከሐረር በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ ሌላው በስተ ምሥራቅ ተወለደ። የዚህን ሩጫ ታሪክ ከሐረር ሆኖ መመልከት ተገቢ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ ሁለቱ ልጆች በየት በኩል አልፈው እዚያ እንደደረሱ፣ በመካከል ያለችው ከተማ ወጣቶችስ ምን እንደጎደላቸው ያሳያል።

1998 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ታዳጊ ሯጮች የተለየ ዓመት ነበር። በሐምሌ ወር የሐረር ጁገል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበበት ሰሞን፣ አብርሃም ጨርቆስ ሮም ላይ 5 ሺህ ሜትርን በ12፡54.19 ሮጦ የዕድሜ እኩዮቹን ሁሉ በለጠ። በነሐሴ ኢብራሂም ቤጂንግ ላይ በዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ወሰደ። ያ ሩጫ በስልት የተያዘ፣ ዝግ ብሎ የሄደ ነበር፤ ያሸነፈበት ሰዓት 28፡53.29 ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ነሐሴ 19፣ ብራስልስ ላይ 27፡02.81 ገባ። በሁለቱ ሰዓቶች መካከል ወደ ሁለት ደቂቃ የሚጠጋ ልዩነት አለ፤ ይህም ልጁ ከእኩዮቹ ጋር ሲሮጥ ምን ያህል አቅም ተርፎት እንደነበር ይነግራል። ብራስልስ ያለፈው ዓመት ቀነኒሳ በቀለ የ26፡17.53 የዓለም ክብረ ወሰን ያስመዘገበበት፣ በዚያው ሩጫም ኬንያዊው ሳሙኤል ዋንጂሩ በ26፡41.75 የወጣቶቹን ክብረ ወሰን የሰበረበት መም ነው።

የምሥራቅ አፍሪካ ታዳጊዎች ዕድሜ በየጊዜው ጥያቄ ሲነሳበት ኖሯል። የልደት ምስክር ወረቀት ባልተለመደበት ገጠር የሚወለድ ልጅ ቀኑ የሚጻፍለት ብዙውን ጊዜ ካደገ በኋላ ስለሆነ ጥርጣሬው ከአንድ ሰው ይልቅ ከምዝገባው ጉድለት ይመነጫል። የኢብራሂም ሰዓት ግን በማንኛውም ዕድሜ ቢሮጥ ትልቅ ሰዓት ነው። ቀነኒሳ ከሁለት ዓመት በኋላ በቤጂንግ ኦሊምፒክ ወርቁን የወሰደበት፣ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የሆነው ሰዓት 27፡01.17 ነው፤ ልዩነቱ ሁለት ሰከንድ እንኳ አይሞላም። እርግጥ ብራስልስ አሯሯጭ ያለበት የአንድ ቀን ውድድር ሲሆን ኦሊምፒክ የሜዳሊያ ፍልሚያ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን እኩል መመዘን አይቻልም። ቢሆንም 17 ዓመት የተመዘገበለት ልጅ የት ደርሶ እንደነበር በቂ ማስረጃ ነው።

እዚህ ላይ ነው የኢትዮጵያ ሯጭ ልዩ ችግር የሚመጣው። በኦሊምፒክ አንድ አገር በአንድ ርቀት ከሦስት በላይ ሯጭ አያሰልፍም። በ2000 ዓ.ም. ሦስቱ ቦታዎች በቀነኒሳ፣ በስለሺ ስህንና በኃይሌ ገብረ ሥላሴ ተያዙ፤ ቀነኒሳና ስለሺ ወርቁንና ብሩን ይዘው ተመለሱ፣ ኃይሌ ስድስተኛ ወጣ። በሌላ በአብዛኛው አገር ቢሆን ኢብራሂም ያለ ጥያቄ ይሄድ ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት ኤድንብራ ላይ በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና የወጣቶቹን ውድድር አሸንፏል፤ አየለ አብሽሮ ሁለተኛ ሆኖ ገባ። ከወጣቶች ተርታ ሲወጣ የሚጠብቀው ግን ከዓለም ሁሉ የሚከብድ የአገር ውስጥ ወረፋ ነበር።

ወረፋው የሚያደርሰው ጉዳት ብዙ ዓይነት ነው። ታዳጊው በአውሮፓ ውድድሮች የሚያገኘው ገንዘብ ከቤተሰቡ የዓመት ገቢ በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ዕረፍት መውሰድ ለእርሱም ለዘመዶቹም ኪሳራ ይመስላል። ማናጀሩ ዘንድሮ የሚሮጥ እግር ይፈልጋል። በልምምድ ቦታ ከጎልማሶቹ ጋር እኩል ለመሄድ ሲል አጥንቱና ጅማቱ ሳይጠነክር ይገፋል። አብርሃም ጨርቆስ በወጣትነቱ ያየውን ከፍታ በጎልማሶች ትልቅ ሜዳሊያ አልደገመውም፤ የዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮና የ3 ሺህ ሜትር ነሐሱን በ2000 ዓ.ም. ሲወስድ ገና ታዳጊ ነበር። ከወጣቶች ወደ ጎልማሶች የሚወስደውን ድልድይ በፍጥነት የተሻገሩም አሉ። ጥሩነሽ ዲባባ በ1995 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ በ18 ዓመቷ የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። ሰለሞን ባረጋ በ2008 ዓ.ም. የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን ከሆነ አምስት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ የ10 ሺህ ሜትር የኦሊምፒክ ወርቅ ወስዷል። እነዚህ ስሞች ዓይን ስለሚሞሉ በመካከል የቀሩት ይረሳሉ።

ኢብራሂም ከወረፋው የወጣው ወደ ጃፓን በመሄድ ነው። በዚያ አገር ትልልቅ ኩባንያዎች የሩጫ ቡድን አላቸው። ሯጩ የኩባንያው ሠራተኛ ሆኖ የወር ደመወዝ፣ ማደሪያ፣ ምግብ፣ አሠልጣኝና ሐኪም ያገኛል። በምላሹ የኩባንያውን ስም ለብሶ በኤኪደን፣ ማለትም ሯጮች መቀነት እየተቀባበሉ ረጅም መንገድ በሚያካልሉበት ውድድር፣ ይሮጣል። የኩባንያዎቹ ትልቁ ኤኪደን በአውሮፓ አዲስ ዓመት ቀን የሚካሄድ ሲሆን፣ ለውጭ ሯጮች የተፈቀደው የመንገዱ አንድ ክፍል ብቻ ነው። ኢብራሂም የሆንዳ ቡድን ሯጭ ነበር። ሳሙኤል ዋንጂሩም በልጅነቱ ወደ ሰንዳይ ሄዶ የተማረው፣ በኋላም ኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈው በዚሁ ሥርዓት አልፎ ነው። ለአንድ የባሌ ወጣት ቋንቋው፣ ምግቡና ብርዱ ቀላል አይደሉም። ሥርዓቱ የሰጠው ዋጋ ግን ዛሬ ባይሮጥ ነገ የማይቋረጥ ደመወዝ ነው፤ ከጉዳት ለማገገምና ለመብሰል ጊዜ የሚገዛ ገንዘብ እንዲህ ያለው ብቻ ነው።

ነሐሴ 22 ቀን 2003 ዓ.ም. ዴጉ ላይ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ሲጀመር የሰው ዓይን በሁለት ሰዎች ላይ ነበር። አንደኛው ከዚያ ቀን በፊት በዚህ ርቀት ተሸንፎ የማያውቀው ቀነኒሳ ነው፤ በጉዳት ምክንያት ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ከውድድር ርቆ ነበር። ሁለተኛው በዚያ ዓመት የአውሮፓን ክብረ ወሰን 26፡46.57 ያደረሰው ፋራህ ነው። ቀነኒሳ 10 ዙር ያህል ሲቀረው አቋርጦ ወጣ፤ ለኢትዮጵያ ተመልካች ከባድ ጊዜ ነበር። ፋራህ የመጨረሻው ዙር ሊጀመር ሲል ተፈትልኮ ወጣና ሰፊ ክፍተት አገኘ። በዚያ ርቀት ላይ የተከፈተ ክፍተት ብዙውን ጊዜ አይዘጋም። ከኋላው ከተከተሉት መካከል አንድ ብቻ ሳይደናገጥ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ትንሽ ትንሽ እየቀነሰ መጣ። የመጨረሻውን ዙር ከ53 ሰከንድ በታች የሮጠው ኢብራሂም በቀጥታው መስመር ላይ ደርሶበት አለፈው። ሰዓቱ 27፡13.81 ነው፤ ፋራህ 27፡14.07፣ ኢማና መርጋ ሦስተኛ። ልዩነቱ 26 መቶኛ ሰከንድ ነበር። ፋራህ ከዚያ ቀን በኋላ እስከ 2009 ዓ.ም. ድረስ በዓለም ሻምፒዮናና በኦሊምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ አልተሸነፈም፤ ለንደን፣ ሞስኮ፣ ቤጂንግ፣ ሪዮ፣ እንደገናም ለንደን ላይ ወርቅ ወሰደ። በዚህ ሁሉ ዘመን በትልቅ መድረክ በርቀቱ የበለጠው የመጨረሻው ሰው ኢብራሂም ነው። በኢትዮጵያ የሩጫ ታሪክ ይህ ድል ከሚገባው ያነሰ ቦታ ተሰጥቶታል፤ ሕዝቡ ያን ቀን ያዘነለትን ቀነኒሳን ሲያስታውስ ያሸነፈውን ወጣት ዘነጋ።

ፋራህም የመጣበት መንገድ ቀላል አልነበረም። በ1975 ዓ.ም. ተወልዶ የአራት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ በሶማሊያ ጦርነት ተገደሉ። ለጥቂት ጊዜ ጅቡቲ ከዘመዶች ጋር ኖሯል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በቢቢሲ በቀረበ ዘጋቢ ፊልም እውነተኛ ስሙ ሁሴን አብዲ ካሂን መሆኑን፣ ልጅ ሳለም በሌላ ልጅ ስም በሕገ ወጥ መንገድ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በሰው ቤት ሥራ እንዲሠራ መደረጉን ተናገረ። ያወጣው የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ አለን ዋትኪንሰን ነው፤ ሩጫውንም፣ የልጁንም ችግር ያየው እርሱ ነበር። ፋራህ በወጣትነቱ የአውሮፓ ሻምፒዮን ቢሆንም በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሊምፒክ 5 ሺህ ሜትር ለፍጻሜ እንኳ አላለፈም። 25 ዓመቱ ነበር። ክለብ፣ ዩኒቨርሲቲና ፌዴሬሽን ስለጠበቁት በ27 ዓመቱ የአውሮፓን ሁለት ወርቅ አገኘ። አንዱን የጃፓን ፋብሪካ፣ ሌላውን የለንደን ትምህርት ቤት አቆየው።

ዴጉ ካለፈ በኋላ ኢብራሂም በሳምንታት ውስጥ ማፑቶ ላይ የመላ አፍሪካ ጨዋታዎችን ወርቅ ጨመረ። በሚቀጥለው ዓመት የለንደን ኦሊምፒክ ሲካሄድ ግን የዓለም ሻምፒዮኑ በመሙ ላይ አልነበረም። ታሪኩ በቀለ ነሐስ ሲያገኝ፣ ቀነኒሳ አራተኛ ሲሆን፣ ፋራህ ወርቁን ወሰደ። ነሐሴ 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ሁለቱ እንደገና ተገናኙ። በመጨረሻው ዙር ኢብራሂም ሊያልፈው ሞከረ፣ ፋራህ ግን ዴጉን አልረሳውም፤ ውስጡን መስመር ይዞ መንገድ ከለከለው። 27፡21.71 ለ27፡22.23። ሦስተኛው ኬንያዊ ፖል ታኑይም በጃፓን ኩባንያ ቡድን የሚሮጥ ነበር። ይህ የኢብራሂም የመጨረሻ የዓለም ሻምፒዮና ሜዳሊያ ሆነ።

ወደ ሐረር ስንመለስ፣ ከተማዋ ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ይህ በቆጂ ከምትገኝበት 2,800 ሜትር ያንሳል፤ በአካባቢዋ ያለው መሬት ግን ሩጫ የሚከለክል አይደለም። ወደ ምዕራብ የጋራ ሙለታ ተራራ ከ3,300 ሜትር በላይ ይደርሳል። ወደ ሰሜን ምዕራብ በሐረማያ በኩል አልፎ ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም በማይርቅ መንገድ ወደ ድሬዳዋ ሲወረድ ከፍታው 1,200 ሜትር ገደማ ነው። ከፍ ብሎ ኖሮ ዝቅ ብሎ ፈጣን ልምምድ መሥራት የሚፈልጉ ቡድኖች እንዲህ ያለ አቀማመጥ ይመኛሉ። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሃያ ዓመት በፊት በብሔራዊ ቡድኑ ላይ ያሳተሙት ጥናት አብዛኞቹ የማራቶን ሯጮች ከአርሲና ከሸዋ እንደመጡ፣ በልጅነታቸውም ወደ ትምህርት ቤት በሩጫ ይመላለሱ እንደነበር አሳይቷል። የሐረርጌ ደጋ ልጅም ሩቅ ትምህርት ቤት በእግሩ ይሄዳል። አርሲን የለየው ቁመቱ ብቻ አይደለም፤ በቆጂ ላይ ልጆቹን በየጠዋቱ ሲያሠለጥን የኖረ እንደ ስንታየሁ እሸቱ ያለ ሰው፣ አሰላ ላይ በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሠራ ማዕከል፣ በየመንደሩም ወርቅ ይዞ የተመለሰ ጎረቤት አለ።

በሐረር የስፖርቱ ገንዘብና ስሜት ለረጅም ጊዜ ወደ እግር ኳስ ሄዷል፤ የሐረር ቢራ ቡድን የከተማዋን ስም በፕሪሚየር ሊጉ አስጠርቷል። ለሯጭ ደመወዝ የሚከፍሉት ትልልቅ ክለቦች፣ መቻል (የቀድሞው መከላከያ)፣ ንግድ ባንክ፣ ፌዴራል ፖሊስ፣ ማረሚያ ቤቶች፣ ኤሌክትሪክ፣ መቀመጫቸው አዲስ አበባ ነው። ስለዚህ በጁገል ግንብ ዙሪያ ወይም በሐረማያ መንገድ ዳር ብቻውን የሚሮጥ ወጣት የመጀመሪያውን ደመወዝ ለማግኘት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በአዲስ አበባ ክፍል ተከራይቶ ከመላ አገሪቱ ከመጡ ጋር መጋፋት አለበት። ያ ክፍያ ደግሞ የሚሰጠው ሚኒማ ላሟላ፣ ማለትም ያለ ደመወዝ አስቀድሞ ፈጣን ለሆነ ነው። የአንድ የክለብ ሯጭ የወር ደመወዝ፣ የአንድ አሠልጣኝ የሥራ ቦታና በዓመት ጥቂት የክልል ውድድሮች ለአንድ ቢራ ፋብሪካ ወይም ለአንድ የከተማ አስተዳደር ከእግር ኳስ ቡድን ወጪ ጋር የሚነጻጸር ሸክም አይደሉም። ሐረሪ በቆዳ ስፋት ከክልሎች ሁሉ ትንሹ ነው፤ በአገር አቀፍ ውድድር የሚያሰልፋቸው ሯጮች ጥቂት መሆናቸው አያስደንቅም። ሆኖም በዙሪያው ያለው የምሥራቅ ሐረርጌ ደጋ ገበያው፣ ሆስፒታሉና ትምህርቱ ሐረር ነው። የደጋው ልጅ ለሌላ ጉዳይ ሁሉ የሚመጣባት ከተማ ለሩጫም የሚመጣባት እንድትሆን የሚያስፈልገው መሥሪያ ቤት እስካሁን በቦታው የለም።