ለልጆች በቤት ውስጥ ስለሚያስፈልገው የመጻፊያ ዴስክ

ልጅን ወደ ትምህርት ቤት መስደድ ብቻውን የወላጅን ግዴታ አይፈጽምም። ቀን የተማረውን ማታ የሚያነብበትና የሚጽፍበት ስፍራም በቤት ሊሰናዳለት ይገባል። በብዙ ቤት ግን ለእንግዳ ያማረ መቀመጫ ተገዝቶ ሳለ፥ የቤቱ ልጅ ደብተሩን በአልጋ ላይ ዘርግቶ ጎንበስ ብሎ ሲጽፍ እናያለን። የጥንት ጸሐፊዎቻችን ብራናውን በጉልበታቸው አኑረው መጻፋቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ሕፃን እንዲህ ሲያመሽ አንገቱና ጀርባው ይደክማል፤ የደከመም ልጅ ትምህርቱን ይሰለቻል።

በኢጣልያ ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ መርካቶ ከተዛወረ ወዲህ፥ የቤት ዕቃ ሽቶ ወደ ራጉኤል ሰፈር የሚወርደው ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ እንደ ትምህርት ቤቱ ያለ ዴስክ ለቤታቸው ለሚሹ ወላጆች ጥቂት ምክር እንሰጣለን።

አንደኛ፥ ከገበያ በፊት ልጁን መለካት ነው። ልጁ ተቀምጦ ከውስጥ እግሩ እስከ ጉልበቱ መታጠፊያ ያለው የመቀመጫው ከፍታ ነው፤ ክንዱን አጥፎ ክርኑ የሚደርስበት ደግሞ የመጻፊያው ከፍታ ነው። ቁመቱ ከ120 እስከ 140 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ልጅ መቀመጫው 35፥ መጻፊያው 59 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ይስማማዋል። ልኩንም በሲባጎ ላይ ቋጥሮ ይዞ መሄድ መልካም ነው።

ሁለተኛ፥ መቀመጫውና መጻፊያው የተያያዘው ዴስክ ጠንካራ ቢሆንም፥ ልጁ ሲያድግ አብሮት አያድግም። በትምህርት ቤት ልጁ ክፍል ሲለውጥ ዴስኩን ለተከታዩ ይተውለታል፤ በቤት ግን ታናሽ ከሌለ ዕቃው ሥራ ፈት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ብዙ ልጆች ላሉበት ቤት የተያያዘው፥ አንድ ልጅ ላለው ወንበሩ የተለየው ይሻላል።

ሦስተኛ፥ እንጨቱን መመርመር ነው። ዋንዛ ለሥራ የሚመችና የሚበረክት ነው፤ ሳይደርቅ የተሠራ ባሕር ዛፍ ይጣመማል፤ ቺፑድም ርጥበት ሲያገኘው ያብጣል። ዴስኩን በደልዳላ መሬት ላይ አቁሞ መነቅነቅ፥ ጠርዙንም በእጅ ዳስሶ ስንጥር አለመኖሩን ማወቅ ይገባል። እግሩ ብረት ከሆነ ብየዳው ይታይ። ይህ ሁሉ ሳይፈተሽ ቀብድ መስጠት አይገባም።

ዴስኩ ቤት ሲገባ፥ በቀኙ ለሚጽፍ ልጅ መስኮቱ በግራው በኩል ይሁን፤ የእጁ ጥላ በጽሕፈቱ ላይ አይወድቅምና። ሴት ልጅም ከወንድሟ እኩል የምትቀመጥበት ሰዓት ይወሰንላት። ዕቃ ተደርድሮበት የሚውል ዴስክ ለልጁ እንዳልተገዛ ይቆጠራል።