አንድ ቁልፍ፣ ሦስት ፍች፦ በሞድ የሚሠሩ ኤዲተሮችና በሁለት ፊደል የሚጽፉ ተጠቃሚዎች

በኮምፒውተር የመጻፊያ ሰሌዳ ላይ ያለችው የኤክስ ቁልፍ በምዕራብ ሸዋ ሦስት ሥራ ትሠራለች። አፋን ኦሮሞን በቁቤ ለሚጽፍ ጥ ናት። “ሰራ” በተባለው ሥርዓት አማርኛ ለሚጽፍ ሽ ናት። በቪም ኤዲተር ትእዛዝ ለሚሰጥ ደግሞ ጠቋሚው ያረፈበትን ፊደል ትሰርዛለች። በአምቦ፣ በጉደር ወይም በጊንጪ በሁለቱም ቋንቋዎች የሚጽፍ ሰው ብዙ ነው፤ ፕሮግራም የሚጽፍ ከሆነ ሦስቱንም ፍቾች በአንድ ሰሌዳ ማስተናገድ ይኖርበታል። ቁልፏ በዚህ ቅጽበት የትኛውን ፍች እንደያዘች የሚያስታውሰው ማን ነው? ጸሐፊው፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ወይስ ኤዲተሩ?

የቪም አባት የሆነውን ቪአይን ቢል ጆይ እ.ኤ.አ. በ1976 በካሊፎርኒያ በርክሌይ ጀመረው። መነሻው ቀላል ነው፤ ጸሐፊ አዲስ ከሚጽፍበት ይልቅ የተጻፈውን የሚያርምበት ጊዜ ይበልጣል። ስለዚህ በትእዛዝ ሞድ (ሁነታ) ተራዎቹ ፊደላት ትእዛዝ ይሆናሉ፣ በመጻፊያ ሞድ ግን ጽሑፍ ይሆናሉ። የዲ ቁልፍ ሁለት ጊዜ ሲነካ መስመሩ ይሰረዛል። ይሁን እንጂ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የአማርኛ መጻፊያ እንደበራ ከቀረ ለኤዲተሩ የሚደርሰው “ድድ” ነው። ቪም ድድ ምን እንደሆነ አያውቅም።

ቪም ለሩሲያና ለግሪክ ጸሐፊዎች መላ አለው፤ የባዕዱን ፊደል ወደ ትእዛዝ ቁልፍ የሚመልስ ሰንጠረዥ ነው። ይህ አንድ ቁልፍ አንድ ፊደል በሚሰጥበት ቋንቋ ይሠራል። በእኛ ግን አናባቢው ቀድሞ የተጻፈውን ፊደል ይለውጠዋል፦ ዲ ተነክታ ድ ትሆናለች፣ አይ ሲጨመርባት ድ ወደ ዲ ትለወጣለች። ቃል ለመሰረዝ በተከታታይ የሚነኩት ዲ፣ አይና ደብልዩ “ዲው” ሆነው ይደርሳሉ። ሁለት የትእዛዝ ቁልፎች በአንድ ፊደል ውስጥ ስለጠፉ ሰንጠረዡ አይመልሳቸውም። የሚያዋጣው የፊደል መለወጫውን በኤዲተሩ ውስጥ ማኖር ነው። የቪም የቁልፍ ካርታ የሚሠራው ጽሑፍ ሲገባ እንጂ በትእዛዝ ቁልፎች ላይ ስላልሆነ ጸሐፊው ወደ ትእዛዝ ሲመለስ ቁልፎቹም አብረው ይመለሳሉ።

ኢማክስ ሌላ መንገድ ይዟል። ትእዛዞቹ በአብዛኛው ከኮንትሮል ቁልፍ ጋር ስለሚሰጡ ከፊደሉ ጋር አይጋጩም፤ ሞድ የሚለው ቃልም እዚህ የአንድን ሰነድ ጠባይ ያመለክታል። የመጻፊያ ዘዴውም ለየሰነዱ ይመረጣል፤ አንዱ ሰነድ በፊደል ሲጻፍ በአጠገቡ ያለው በቁቤ ይቀጥላል። የግዕዝ ፊደል ወደ ኢማክስ የገባው በጃፓን የኤሌክትሮቴክኒክ ላቦራቶሪ በተሠራው ሙል በተባለ የብዙ ቋንቋ ማስፋፊያ ሲሆን፣ የኢትዮጵያን ክፍል የጻፈው ናኦቶ ታካሃሺ ነው። የአጻጻፍ ደንቡ የይትና ፍርድይወቅና የዳንኤል ያዕቆብ “ሰራ” ነው። ሙልን ያካተተው ኢማክስ 20 እ.ኤ.አ. በ1997 ወጣ፤ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው ግን በ1999 ነው። በዚያው ዘመን በአገር ውስጥ የነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው የፊደል ኮድ ስለነበራቸው በአንዱ የተጻፈ በሌላው አይነበብም ነበር፤ ተጠቃሚውም ሊከፍታቸውና ሊያሻሽላቸው አይችልም ነበር። የኢማክስ ብልጫ አማርኛ ማወቁ ሳይሆን አማርኛ የሚያውቅ ሰው በሊስፕ ቋንቋ እንዲጨምርበት በሩን ክፍት መተዉ ነው።

በሩ ለአምቦ ጸሐፊም ክፍት ነው። “ሰራ” ቁቤን ለለመደ ጣት አይመችም፤ በቁቤ ሲ ጭ ናት፣ በ“ሰራ” ግን ች ናት። ከቁቤ የተነሣ አዲስ የመጻፊያ ዘዴ ግን ሊጻፍ ይችላል፤ ሲ ጭ፣ ኤክስ ጥ፣ ኤስና ኤች ሽ ይሆናሉ፤ ዲና ኤች ደግሞ ዩኒኮድ ውስጥ የራሷ ቦታ ያላትን ዸን ይሰጣሉ። ደንቡ የሚጻፈው እንደ ተራ ዝርዝር ነው፤ የሚከብደው መወሰኑ ነው። ኤስና ኤች ሽ ከሆኑ “ስህተት” የሚለው ቃል ራሱ “ሽተት” ሆኖ ይወጣል። በቁቤ አጭሩ አይ ለሳድስ ድምፅ ስለሚቀርብ በሁለቱ መካከል ቢገባ ችግሩ ይቃለላል፤ ሣልሱም በድርብ አይ ይጻፋል። ቁቤ የሚያሳየውን የተነባቢ መጥበቅ ግን ፊደሉ አይጽፈውም፤ ድርብ ተነባቢ ሲነካ አንድ ፊደል ይውጣ ወይስ ሁለት የሚለውን ደንቡን የሚጽፈው ሰው አስቀድሞ መቁረጥ ይኖርበታል።