ከዋጋው በፊት መሰኪያው

በኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ኮምፒዩተር የነካካ ሰው ማይክሮ ሴንተርን ያውቀዋል። በ1979 (እ.ኤ.አ.) ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ብዙም ሳይርቅ፣ አፐር አርሊንግተን ውስጥ በሌን ጎዳና እንደ ትንሽ ሱቅ ተጀመረ። ዛሬ በብዙ ግዛቶች ቅርንጫፎች አሉት፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ ግን እዚያው ጎረቤት፣ ሂሊያርድ ነው። ሃርድ ዲስክን የሚተካው ኤስኤስዲ የተደረደረበት መደርደሪያ ፊት የማይደናገር ገዢ ጥቂት ነው። ሳምሰንግ፣ ደብሊውዲ፣ የቤቱ የራሱ ምልክት ኢንላንድ፣ ሁሉም ካርቶናቸው ላይ ትልልቅ ቁጥር ጽፈዋል። ከዚያ ሁሉ ቁጥር በፊት መታወቅ ያለበት መሰኪያ ግን ካርቶኑ ላይ የለም፤ ቤት የቀረው ላፕቶፕ ሆድ ውስጥ ነው።

ነባሩ ሃርድ ዲስክ እንደ ሸክላ ማጫወቻ ነው። በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ በሚሽከረከር ሳህን ላይ ክንዱ እየተመላለሰ ያነባል፤ አንዲት ቁራጭ ለማግኘት 10 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ትንሽ ይመስላል፤ ዊንዶውስ ሲነሣ የሚፈልጋቸው ቁርጥራጮች ግን በሺዎች ናቸው። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። የቶሺባው መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ በ1987 ባስተዋወቀው ናንድ ፍላሽ ውስጥ መረጃውን በኤሌክትሪክ ቻርጅ ይይዛል። ከሃርድ ዲስክ ወደ የትኛውም ኤስኤስዲ የተሻገረ ሰው ለውጡን ገና ሲያበራው ያየዋል።

ወደ መሰኪያው እንምጣ። ያረጁ ላፕቶፖችና ዴስክቶፖች በአብዛኛው የሚቀበሉት ሳታ የሚባለውን ባለ 2.5 ኢንች ነው፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 550 ሜጋባይት አካባቢ ይቆማል። አዳዲሶቹ ኤም ዶት ቱ የሚባል ቀጭን ካርድ ይወስዳሉ። በብዛት የሚገኘው 2280 ይባላል፤ ወርዱ 22፣ ርዝመቱ 80 ሚሊሜትር ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ካርዱ በመልክ ተመሳስሎ ውስጡ ሳታም፣ ፈጣኑ ኤንቪኤምኢም ሊሆን ይችላል፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚቀበል ማዘርቦርድም ሞልቷል። የላፕቶፑን ሞዴል ቁጥር ይዞ የአምራቹን መመሪያ ሳያዩ ከቤት መውጣት ለሁለት ጉዞ መዘጋጀት ነው።

በሰከንድ 7,000 ሜጋባይት የሚል ኤንቪኤምኢ ፒሲአይኢ 3 በሚባለው የቀድሞ ትውልድ መሰኪያ ላይ ከ3,500 አያልፍም። ቢያልፍስ? ያ ቁጥር የሚለካው ትልቅ ፋይል በአንድ ትንፋሽ ሲነበብ ነው። ቪዲዮ ለሚያቀናብር ይጠቅማል፤ ኢሜይል ለሚጽፍና ዩቲዩብ ለሚያይ ልዩነቱ አይታወቀውም። እኔ ብሆን ለዚያ ፍጥነት የሚጨመረውን ገንዘብ ከ500 ጊጋባይት ወደ 1 ቴራባይት ለማደግ አውለዋለሁ።

ብዙዎች ኤስኤስዲ ቶሎ ያልቃል ብለው ይሰጋሉ። ባለ 1 ቴራባይቱ ሳምሰንግ 870 ኢቮ 600 ቴራባይት እስኪጻፍበት፣ ርካሹ 870 ኪውቪኦ ደግሞ 360 ቴራባይት እስኪጻፍበት ዋስትና አለው። በቀን 20 ጊጋባይት የሚጽፍ ሰው ርካሹን እንኳ ለመጨረስ 49 ዓመት ይፈጅበታል። የርካሹ እውነተኛ ድካም ሌላ ነው፤ በአንድ ሕዋስ 4 ቢት ስለሚያጭቅ፣ ብዙ ፋይል ሲገለበጥበት ጊዜያዊ ማከማቻው ይሞላና ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 80 ሜጋባይት ይወርዳል። ይህ ከብዙ ሃርድ ዲስኮችም ያነሰ ነው። በሕዋስ 3 ቢት የሚይዘው ቲኤልሲ ይሻላል።

አሮጌ ላፕቶፕ አድሶ ለአገር ቤት ዘመድ የሚልክ ሰው ሁለት ነገር ልብ ይበል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14፣ 2025 አብቅቷል፤ ከ8ኛው ትውልድ በፊት የነበሩትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ደግሞ ዊንዶውስ 11 በአብዛኛው በይፋ አይቀበላቸውም። ኤስኤስዲ ይህን አይፈታም፤ ሊኑክስ መጫን ግን ይቻላል። ሁለተኛው፣ በጥቂት ዶላር የሚሸጥ «16 ቴራባይት» ውጫዊ ኤስኤስዲ ሐሰተኛ ነው። ውስጡ ትንሽ ሚሞሪ ካርድ ነው፤ መጠኑን ዋሽቶ ያሳያል፤ ሲሞላም የቀድሞው ፎቶ ላይ እየጻፈ ያጠፋዋል። ኤች2ቴስትደብሊው የተባለ ነጻ ፕሮግራም ዲስኩን ሞልቶ መልሶ በማንበብ ያጋልጠዋል።