ሁለት መሪጌታ ያለው ማኅሌት

የጃፓኑ የኒንቴንዶ ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 ለገበያ ያወጣውን፣ በአገሩ ሱፐር ፋሚኮም በውጭም ሱፐር ኒንቴንዶ የተባለውን የጨዋታ መሣሪያ ጠባይ አንድ በአንድ እየመሰለ፣ ለእርሱ የተጻፈውን ጨዋታ እርሱ በሌለበት በኮምፒዩተር የሚያጫውት ፕሮግራም ኢሙሌተር ይባላል። ጨዋታውን የከፈተ ሰው ግን ሥዕሉ አምሮ ሳለ ድምፁ በየጥቂቱ ሲንጣጣ ወይም ሲንተባተብ ይሰማና፣ ገመዱን ይነቅላል፣ ድምፅ ማጉያውን ያገላብጣል፤ ነገሩ ግን ብዙውን ጊዜ ከገመዱ አይደለም።

የዚህ መሣሪያ የድምፅ ክፍል ለብቻው እንደ ቆመ ደብር ነው። ኋላ ፕሌይስቴሽንን የፈጠረው ኬን ኩታራጊ በሶኒ ኩባንያ ሳለ የነደፈው ይህ ክፍል፣ የራሱ አንጎል፣ የራሱ 64 ኪሎባይት ማኅደር፣ ከሁሉም በላይ የራሱ ሰዓት ያለው ሲሆን፣ ስምንት ድምፆችን በአንድነት እያዜመ በሰከንድ 32,000 ናሙና፣ ማለትም የድምፅ ቅንጣት፣ ያወጣል፤ ማኅደሩ ጠባብ ነውና 16ቱን ናሙና በ9 ባይት ጠቅልሎ ማስቀመጡ ዛሬም ያስደንቀኛል። ሥዕሉ ደግሞ ለሌላ ሰዓት ይገዛል፤ በጃፓንና በአሜሪካ መሣሪያዎች በሰከንድ 60.0988 ጊዜ ይታደሳል።

የኮምፒዩተሩ ስክሪን በአብዛኛው በሰከንድ 60 ጊዜ ብቻ ይታደሳልና፣ ኢሙሌተሩ ለስክሪኑ ታዝዞ 60 ሥዕል ብቻ ቢሠራ፣ ከእያንዳንዱ ሥዕል ጋር የሚወለደው ናሙና 532 ያህል በመሆኑ፣ 32,000ውን ሳያጓድል ለሚጠይቀው የድምፅ ካርድ በየሰከንዱ 53 ያህል ይጎድልበታል። በመካከል ባፈር የሚባል ጎተራ አለ፤ ነገር ግን 1,024 ናሙና ቢጠራቀምበት እንኳ 20 ሰከንድ ሳይሞላ ይራቆታል፤ ያን ጊዜ ድምፁ ይንጣጣል። በአንድ ቅኔ ማኅሌት ሁለት መሪጌታ ቆመው፣ አንዱ ዝማሜውን ሲያረዝም ሌላው ወደ ጽፋት ቢቸኩል፣ ከበሮ መቺው ማንን ይከተል? ድምፁን አለቃ ቢያደርጉት ደግሞ በየ10 ሰከንዱ አንድ ሥዕል ይተርፋልና ሥዕሉ ይደናቀፋል፤ ሆኖም ዓይን ቸር ስለ ሆነ ይህን አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል፤ ጆሮ ግን የሰከንድ ሽራፊ ዝምታ እንኳ አያመልጠውም።

ስለዚህ ሕመሙን ከመመርመር በፊት መድኃኒት መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። መንጣጣቱ በእኩል ጊዜ የሚመላለስ ከሆነ የሰዓቶቹ አለመግባባት ነው፤ ስክሪኑ በጠላት ሲሞላ ብቻ ከመጣ ኮምፒዩተሩ ደክሞታልና ሌሎቹን ፕሮግራሞች መዝጋት፣ ካልሆነም ቀለል ያለ ኢሙሌተር መምረጥ ይበጃል። ጣት ቁልፉን ከነካ በኋላ ድምፁ ዘግይቶ ቢመጣ ባፈሩ ከመጠን በላይ ሰፍቷል፤ በብሉቱዝ ማዳመጫ ለሚጫወት ግን መዘግየቱ ከማዳመጫው ስለ ሆነ የባፈሩ መጥበብ አያድነውም። ድምፁ ሳይቆራረጥ የጨዋታው እንቅስቃሴ ቢጓተት፣ ጨዋታው በሰከንድ 50 ሥዕል ለሚያሳየው ለአውሮፓው መሣሪያ የተዘጋጀ ቅጂ ሊሆን ይችላል።

ለሰዓቶቹ ጠብ እኔ የማደንቀው መፍትሔ ሬትሮአርች በተባለው ፕሮግራም ውስጥ ያለው ነው፤ ይኸውም የጎተራውን ሙላትና ጉድለት ዘወትር እየተመለከተ፣ የድምፁን ፍጥነት እስከ ግማሽ በመቶ ብቻ ዝቅና ከፍ በማድረግ ሁለቱን ያስታርቃል። ከአንዱ ቃና እስከ ጎረቤቱ ግማሽ ቃና ያለው ርቀት 6 በመቶ ያህል ነውና፣ ይህን ሽርፍራፊ ለይቶ የሚሰማ ሰው አይገኝም ማለት ይቻላል።

ድምፁ እንደ ታፈነ ሆኖ ቢሰማ ግን የሚታከም ሕመም የለም፤ መሣሪያው ራሱ ናሙናዎቹን እያለሰለሰ ያወጣ ስለ ነበር፣ ጥንቱንም ድምፁ እንዲሁ ነው። ስኔስናይንኤክስ በተባለው ኢሙሌተር ይህን ማለስለሻ በጠራ መለወጥ ይቻላል፤ በልጅነታቸው በዚያ ጭጋጋማ ድምፅ የተጫወቱት ግን መልሰው ወደ ቀድሞው ያዞሩታል።