ቅዱሳት መጻሕፍትን አጥርቶ ስለ ማወቅ

ፊደል የቈጠረ ሁሉ መጽሐፍ ዐወቀ አይባልም። ንባብ በር ነው፤ ማስተዋል ግን ወደ ቤቱ መግባት ነው። ክርስቲያን የሆነ ሰው የእግዚአብሔርን ቃል ለሃይማኖቱ መሠረት፥ ለሥራውም መሪ አድርጎ ይዟልና፥ ያንን ቃል በግምትና በወሬ ሳይሆን አጥርቶ ሊያውቀው ይገባዋል። ምክንያቱንም በሦስት ነገር እናስረዳለን።

መጀመሪያ፥ ፊደልን ጠንቅቆ ማንበብ ያስፈልጋል። በግእዝ ቋንቋ ሰአለ በእሳቱ ሰና በአልፋው አ ሲጻፍ ለመነ ማለት ነው፤ ሠዐለ በንጉሡ ሠና በዐይኑ ዐ ሲጻፍ ግን ሥዕል ሣለ ማለት ነው። እንዲሁም ሠረቀ በንጉሡ ሠ ቢጻፍ ፀሐይ ወጣ ለማለት ነው፤ በእሳቱ ሰ ቢጻፍ ግን የሌባ ሥራ ይሆናል። ጆሮ አንድ አድርጎ የሚሰማውን ዐይን ይለየዋል። ስለዚህም የንባብ ቤት መምህር ተማሪው ዳዊት ሲደግም ተነሹን ወዳቂ፥ ወዳቂውን ተነሽ አድርጎ ያነበበ እንደ ሆነ አቋርጦ ይመልሰዋል። ይህንንም ማድረጉ ልጁን ለማስጨነቅ አይደለም፤ የንባብ ስሕተት የምሥጢርን ስሕተት ስለሚወልድ ነው።

ሁለተኛ፥ ቃልን ሳያጐድሉ መያዝ ያስፈልጋል። ገንዘብ የክፋት ሁሉ ሥር ነው ብሎ ቅዱስ ጳውሎስ ጽፏል የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ነገር ግን ሐዋርያው ለጢሞቴዎስ በላከው በመጀመሪያው መልእክት፥ በምዕራፍ 6 ቍጥር 10፥ የነቀፈው የገንዘብን ፍቅር ነው። አንዲት ቃል ብትወድቅ የሚመጣውን ጕዳት ተመልከቱ። በቅን ሥራ አግኝቶ ለድኻ የሚመጸውተው ነጋዴ ያለ በደሉ ይነቀፋል፤ በእጁ ምንም ሳይኖረው የባልንጀራውን ሀብት ቀንና ሌሊት የሚመኝ ሰው ግን፥ እኔስ ድኻ ነኝና ይህ ቃል አይነካኝም ብሎ ተዘልሎ ይቀመጣል። እንዲህም ሆኖ መድኀኒቱ የሚገባው በሽተኛ መድኀኒቱን ሳይጠጣው ይቀራል።

ሦስተኛ፥ ከቃሉ በፊት ያለውንና ከቃሉ በኋላ የሚከተለውን ማወቅ ያስፈልጋል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 እንደ ተጻፈ፥ ሰይጣን ጌታችንን ከቤተ መቅደስ ጫፍ ላይ አቁሞ ራሱን ወደ ታች እንዲጥል በፈተነው ጊዜ ከመዝሙረ ዳዊት ጠቀሰ። ይህም መዝሙር በግእዙ ዳዊት 90ኛው፥ በዕብራይስጡ 91ኛው ነው። መዝሙሩ እግዚአብሔር መላእክቱን የሚያዝዛቸው ሰውን በመንገዱ ሁሉ እንዲጠብቁት መሆኑን ይናገራል። ፈታኙ ግን መንገድ የሚለውን ትቶ ጠቀሰ፤ ራስን ከከፍታ መወርወር እግዚአብሔር ለሰው የሰጠው መንገድ አይደለምና። ደግሞም በመዝሙሩ ወዲያው የሚከተለው ቃል ስለ እባብና ስለ ዘንዶ መረገጥ ይናገራል፤ ሰይጣን እዚያ ሲደርስ ዝም አለ። ጌታችን ግን መጽሐፉን ሁሉ ያውቃልና፥ ከኦሪት ዘዳግም ጠቅሶ እግዚአብሔርን መፈታተን እንደማይገባ መለሰለት። ከዚህ የምንማረው፥ ጥቅስ የጠቀሰ ሁሉ እውነትን ተናገረ ማለት እንዳልሆነ ነው። ከመጽሐፍ ቍራጭ ብቻ የያዘ ሰው፥ ሌላውን ቍራጭ ይዞ የሚመጣ አሳች በቀላሉ ይወስደዋል።

እንግዲህ ቃሉን አጥርተን ለማወቅ ምን እናድርግ? የሐዋርያት ሥራ ሁለት ምሳሌ ይሰጠናል። በምዕራፍ 8 የንግሥት ሕንደኬ ጃንደረባ፥ በገንዘቧ ሁሉ ላይ የተሾመው ኢትዮጵያዊ፥ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ ትንቢተ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ፊልጶስ የሚያነበውን ያስተውለው እንደ ሆነ በጠየቀው ጊዜ፥ ታላቅ ሹም ነኝ ብሎ አላፈረም፤ የሚመራው ሰው እንደሚያስፈልገው ተናግሮ ፊልጶስን ከአጠገቡ አስቀመጠው። በምዕራፍ 17 ደግሞ የቤርያ ሰዎች ጳውሎስና ሲላስ ያስተማሯቸውን በደስታ ተቀበሉ፤ ነገሩም እንዲሁ መሆኑን ለማወቅ መጻሕፍትን በየቀኑ ይመረምሩ ነበር፤ ስለዚህም ተመሰገኑ። የመጀመሪያው ምሳሌ መጠየቅን፥ ሁለተኛው መመርመርን ያስተምረናል። መምህር ሳይጠይቅ የሚያነብ ሰው በራሱ አሳብ ይስታል፤ ሳይመረምር የሚሰማ ሰውም የሌላውን ስሕተት ይወርሳል።

ቃሉ በአማርኛ እጃችን እስኪገባ ድረስ የደከሙትንም እናስብ። አቡ ሩሚ የሚባል ኢትዮጵያዊ በግብጽ አገር በካይሮ ከተማ ሆኖ፥ አስሊን ከሚባለው ከፈረንሳይ ቆንሲል ጋር፥ መጽሐፍ ቅዱስን ከዐረብኛ ወደ አማርኛ መለሰ። ሥራውም ዐሥር ዓመት ያህል ፈጀ። በሳምንት ሁለት ቀን እየተገናኙ እያንዳንዱን ቍጥር በዝግታ ያነቡ ነበር፤ የጠጠረ ቃል ሲያገኙም በዕብራይስጡ፥ በሱርስቱና በጽርኡ መጽሐፍ ይመረምሩት ነበር። አንዱን መጽሐፍ በፈጸሙ ጊዜ፥ ወደሚቀጥለው ከመሄዳቸው በፊት እንደ ገና ያመሳክሩት ነበር። በእጅ የተጻፈው ገጽ 9539 ሆነ። አቡ ሩሚ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1819 ዓመት በካይሮ በወረርሽኝ ሞተ፤ አራቱ ወንጌላት በ1824፥ መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1840 ታተመ። የደከመበትን መጽሐፍ ታትሞ አላየውም። እርሱ ለአንዲት ቃል ይህን ያህል ከተጠነቀቀ፥ የተዘጋጀውን የምናነብ እኛ በችኰላ ልናልፈው አይገባንም።

ስለዚህ ልጆች ሆይ፥ መጽሐፍ እንዲህ ይላል ከማለታችሁ በፊት መጽሐፉን ገልጣችሁ ተመልከቱ። በፊቱና በኋላው ያለውን አብራችሁ አንብቡ። ያላስተዋላችሁትን መምህራችሁን ጠይቁ፤ አላውቅም ማለት አያሳፍርም፤ የማያውቁትን እንደሚያውቁ ሆኖ ማስተማር ግን ያሳፍራል። ዛሬ የምታነቡላቸው አባትና እናት ምናልባት ፊደል ያልቈጠሩ ይሆናሉ፤ እነርሱም ከእናንተ አፍ የሰሙትን የእግዚአብሔር ቃል ነው ብለው ይቀበሉታል። አንድ ቃል ብታጐድሉባቸው የሚያርማቸው የለምና፥ ስታነቡላቸው ተጠንቅቃችሁ አንብቡ።