ቀይ ፍም የመሰለ የፊት መብራት

ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ካለፈ ጨለማው ቶሎ ይወርዳል። በዚያ ሰዓት በዋቢ ሸበሌ ሆቴል በኩል የሚመጣ አሮጌ ያማሃ ወይም ቬስፓ የፊት መብራቱ ፍም ከመሰለ፣ ባለቤቱ በማግሥቱ አምፖል ፍለጋ ሶማሌ ተራ ይወርዳል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የአምፖሉ አይደለም።

መጀመሪያ መብራቱ ኃይል የሚያገኘው ከየት እንደሆነ ይለይ። የድሮ ቬስፓዎችና ብዙ 6 ቮልት ሞተሮች የፊት መብራታቸው በባትሪው ሳያልፍ ሞተሩ ሲዞር ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው ማግኔቶ በቀጥታ ይመገባል። ሚኒሞ ላይ ይደበዝዛል፤ ነዳጅ ሲሰጡት ይፈካል። ይህ ጠባዩ ነውና ባትሪ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። ነዳጅ ተሰጥቶትም ካልፈካ ግን ፍለጋው ይጀምራል።

በ6 ቮልት ሞተር ላይ ትንሽ ዝገት ብዙ ይጎዳል። 35 ዋት አምፖል በ12 ቮልት 3 አምፔር አይሞላም፤ በ6 ቮልት ግን ወደ 6 አምፔር ይስባል። ከ6ቱ ቮልት አንዱ መንገድ ላይ ከቀረ ብርሃኑ በግማሽ ገደማ ይወርዳል።

ያ ቮልት የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ማሳው፣ ማለትም የኤሌክትሪኩ መመለሻ መንገድ ላይ ነው። በሜክሲኮው ተግባረ ዕድ ኤሌክትሪክ የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ኤሌክትሪክ ዙሩን ካልጨረሰ አይሠራም። በብዙ አሮጌ ሞተር ግን የፊት መብራቱ የራሱ መመለሻ ሽቦ የለውም፤ በመብራቱ ቆብና በመሪው አንገት ኩሽኔታ አልፎ ነው ሻንሲውን የሚያገኘው። ኩሽኔታው ደግሞ በግራሶ ተሞልቷል። ሞተሩ ቀለም ተቀብቶ ከሆነማ ማሳው የሚታሰርበት ብሎን ሥር ቀለም ገብቷል፤ በቀለም ላይ ኤሌክትሪክ አያልፍም። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር ማሽከርከር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ከተከለከለ ወዲህ ጓሮ የቆመ ሞተር ሲነሳ፣ መጋጠሚያዎቹ ውስጥ አረንጓዴ ዝገት መጠበቅ ነው።

ፈተናው ቀላል ነው። መብራቱ እየበራ አንድ ወፍራም ሽቦ ከአምፖሉ ቤት እስከ ሞተሩ ባዶ ብረት ያገናኙ። ወዲያው ከፈካ ጥፋቱ ማሳው ነውና ቀለሙን ፍቆ፣ ሽቦ ጨምሮ ማሰር ነው። መሪውን ግራና ቀኝ ሲያዞሩት ብልጭ ድርግም ካለ ደግሞ አንገቱ ጋ የሚታጠፈው ሽቦ ውስጡ ተበጥሷል። መብራቱን ነቅሎ በቴስተር መለካት ያሳስታል፦ አንድ ክር ብቻ የቀረው ሽቦም ጭነት ከሌለበት ሙሉ ቮልቴጅ ያሳያል።

አምፖሉ ቶሎ ቶሎ የሚቃጠል ከሆነ የኋላውን መብራት ይመልከቱ። ቮልቴጅ መቆጣጠሪያ በሌለው ማግኔቶ ላይ ሁለቱ አምፖሎች ጭነቱን ይካፈላሉ፤ የኋላው ሲቃጠል ቮልቴጁ ከፍ ብሎ የፊቱንም ያቃጥላል። ሁለቱም ፋብሪካው ባዘዘው ዋት መተካት አለባቸው፤ የኋላው እስኪገኝ ድረስም የፊቱን አዲስ አምፖል ባያስገቡ ይሻላል።